በዱላ የተደገፈ ክዳን

በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ስለ አገር ፍቅር፣ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ መልካም ጠባይ ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም ይጻፋል። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ክዳን ነው። ይኸውም የአባቴ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ክዳን፣ በጋራዥ ቋንቋ የኋላ ኮፈን የሚባለው ነው። ርእሱ ትንሽ የሚመስለው ሰው ቢኖር እስከ መጨረሻው ድረስ ይታገሠኝ ዘንድ እለምናለሁ።

አባቴ የታክሲ ነጂ ነው። መኪናዋ ዕድሜዋ ከእኔ ዕድሜ እጥፍ ይበልጣል። የሠሪዋን ስም አልጠራም፤ የምናገረው ጥፋት የእኛ የባለቤቶቿ እንጂ የሠሪዋ አይደለምና። እንደዚህ ባሉ ብዙ የድሮ መኪናዎች የኋላውን ክዳን ቀና አድርገው የሚይዙት ከኋላ ወንበር በስተጀርባ ከጎን ወደ ጎን የተዘረጉ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ናቸው። ዘንጎቹ እንደሚጨመቅ እርጥብ ልብስ ተጠምዝዘው ይታሰራሉ፤ ወደ ነበሩበት ለመመለስ ሲታገሉም ክዳኑን ወደ ላይ ይገፉታል። ዳሩ ግን ብረትም ይደክማል። የእኛ መኪና አንደኛው ዘንግ ተሰብሮ ሁለተኛው ሲላላ ክዳኑ መቆም አቃተው። አባቴም ከአሮጌ መጥረጊያ አንድ ክንድ ከስንዝር የሚሆን እንጨት ቆርጦ ደገፈው። ያ ዱላ «ለጊዜው» ተብሎ ገባ፤ ሰባት ዓመትም ተቀመጠ።

ባለፈው ዓመት በፋሲካ ዋዜማ በግ ገዝተን በኋላው ጭነን መጣን። ከደጃፋችን ስንደርስ አባቴ ክዳኑን ከፍቶ በዱላው አስደገፈው። እናቴ ከበጉ አጠገብ የነበረውን የሽንኩርት ዘንቢል ለማውጣት እጇን ስትሰድ በጉ ተንፈራገጠና ዱላውን መታው። ክዳኑ እንደ ወጥመድ ወርዶ ቀኝ እጇን ያዘው። ሁለት ጣቶቿ ተሰበሩ።

በዓሉ እንዴት እንዳለፈ አልተርክም። እጇ በጀሶ ታስሮ በቆየባቸው ሳምንታት እንጀራውን የጋገርነው እኔና ታናሽ እኅቴ ነን። የጋገርነው ሁሉ ክብነቱን ትቶ የአገር ካርታ ይመስል ነበር። አባቴ ግን አንድ ቀን እንኳ አላማረረም፤ አንገቱን ደፍቶ ይበላ ነበር። ዝምታው ከቁጣ ይልቅ ይከብደን ነበር።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው። ያን እጅ የሰበረው በጉ አይደለም፤ ክዳኑም አይደለም፤ «ለጊዜው» የምትለው ቃላችን ናት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። እኛ ግን እየሮጥን ታጥቀን ሳይፈታ ጥቂት ቀን ከቆየልን በደንብ የታጠቅን ይመስለናል። ዱላው ሰባት ዓመት ሠራ ማለት ደኅና ነበር ማለት አይደለም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ በግ አልመታውም ማለት ነው።

ነገር ግን ከዱላ ለመውጣት የሚቸኩል ሰው የሚወድቅበት ሌላ ጉድጓድ አለ። እርሱንም አይቼዋለሁ።

እናቴ ጀሶው ከተፈታላት በኋላ ከአባቴ ጋር ወደ አንድ ጋራዥ ሄድን። የፈለግነው የጋዝ አሞርዛቶሪ ለማስገጠም ነበር። ይህ መሣሪያ በአዳዲስ መኪናዎች ክዳን ግራና ቀኝ የሚታየው፣ ከጥቁር ቱቦ የሚወጣና የሚገባ የሚያብረቀርቅ ዘንግ ያለው ነው። በቱቦው ውስጥ ናይትሮጅን ጋዝ ታምቆ ተዘግቶበታል፤ ጥቂት ዘይትም አለበት። ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 እንዳስረዳው ጋዝ ቦታው ሲጠብበት ግፊቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ዘንጉ ወደ ውስጥ ሲገባ ጋዙ መልሶ ይገፋዋል። የዘንጉ ውፍረት 8 ሚሊሜትር ቢሆን የአገዳው ስፋት ወደ 50 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል። ይህ ዘንግ በ100 ኒውተን ኃይል እንዲገፋ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር 20 እጥፍ ያህል መሆን አለበት።

የጋራዡ ባለሙያ ከአንድ ትልቅ መኪና የተፈታ ጥንድ አንሥቶ፣ «ይህ ጠንካራ ነው፤ እንደ ላባ ያነሣዋል» አለን። በቱቦው ላይ 400 ኒውተን መሆኑ ታትሞበታል። አባቴ ሊከፍል እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ፣ «ጋሼ፣ አንድ ቀን ይስጡን» ብዬ ለመንኩ። ባለሙያውም ሳቀ፤ ግን ፈቀደ።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የሞላ ሚዛን በአስተማሪያችን ፈቃድ ተውሼ መጣሁ። በመጀመሪያ ባለሙያው የቀረውን የተጠመዘዘ ዘንግ ፈታው። ይህ የተማሪ ሥራ አይደለም፤ ዘንጉ ድንገት ሲለቅ ሰው ሊያቆስል ይችላል። ከዚያ ክዳኑን አግድም አድርገን፣ ከማጠፊያው 1 ሜትር በሚርቀው ጠርዙ ላይ ሚዛኑን አስረን ብንይዘው 6 ኪሎ፣ ማለትም 60 ኒውተን ያህል አሳየ። እንግዲህ ክዳኑ አግድም ሲሆን ማጠፊያውን የሚያዞረው ኃይል 60 ኒውተን ሜትር ነው። ክዳኑ 60 ዲግሪ ተከፍቶ ሲቆም ይኸው በግማሽ ቀንሶ 30 ይሆናል። በዚህ ላይ ለጥንቃቄ አንድ አምስተኛ ብንጨምር 36፣ ለሁለቱ አሞርዛቶሪዎች ብናካፍል ለእያንዳንዱ 18 ይደርሰዋል። ክዳኑ ሲከፈት አሞርዛቶሪው የሚገፋበት መሥመር ከማጠፊያው 18 ሴንቲሜትር ይርቃል። 18ን ለ0.18 ብናካፍል 100 ኒውተን እናገኛለን። ከ8ኛ ክፍል ጀምሮ የተማርነው የመዛቂያ ሕግ ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ምሥጢር የለውም።

ስለሆነም በእጃችን የነበረው ጥንድ ከሚያስፈልገን አራት እጥፍ ይበረታ ነበር። ቢገጠም ኖሮ ክዳኑ እንደ ላባ ሳይሆን እንደ በቅሎ እርግጫ ተፈናጥሮ የከፋቹን አገጭ ይመታ ነበር፤ ውሎ አድሮም ያረጀውን ላሜራ ይሰነጥቅና ማጠፊያውን ያጣምም ነበር። ዱላ የኃይል ማነስ ነው፤ ይህ ደግሞ የኃይል መብዛት ነው። ሁለቱም ከአንድ እናት የተወለዱ ናቸው፤ እናታቸውም ሳይለኩ መሥራት ናት።

እዚህ ላይ ራሴን ከፍ አድርጌ እንዳልታይ እሰጋለሁ። እኔ ቁጥሩን አወቅሁ እንጂ ብረቱን አላወቅሁም። መያዣዎቹን በክዳኑ ስስ ላሜራ ላይ እንብሳ ብዬ ነበር። ባለሙያው ግን ራሱን ነቅንቆ፣ «ልጄ፣ ይህ እንደ ወረቀት ይቀደዳል» አለና የማጠፊያውን ወፍራም ክንድ አሳየኝ። በመኪናዋ አካል በኩልም ከላሜራው ጀርባ ጠፍጣፋ ብረት አስደግፎ በብሎን አሰረው። አንድ ብቻ ቢገጠም ክዳኑ ይጣመማልና በግራና በቀኝ መሆን እንዳለበት የነገረኝም እርሱ ነው። ከዚያ በኋላ ብረት ሳንበሳ በካርቶን ቆርጠን አስመስለን ሞከርን። ክዳኑ ሲዘጋ አሞርዛቶሪው ጨርሶ እንዳይታፈን 1 ሴንቲሜትር ያህል ተረፍ አስቀረን። ዘንጉም ክዳኑ ሲዘጋ ወደ ታች እንዲያመለክት አደረግን፤ ዘይቱ ወደ ዘንጉ መውጫ ወርዶ የጋዙን መዝጊያ ጎማ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋልና።

በማለዳ ብርድ ጋዝ ይደክማል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ ግፊቱ ከመቶ 5 ያህል ይቀንሳል። አንድ አምስተኛ የጨመርነው እንዲህ ላለው ቀን ነው። ጋዙ ከዓመታት በኋላ እያለቀ ስለሚሄድም ክዳኑ መስነፍ ሲጀምር ሁለቱን አንድ ላይ መለወጥ ይገባል። ያለቀ የመሰለውን አሞርዛቶሪ መቁረጥ፣ መበየድ ወይም እሳት ውስጥ መጣል ግን ክልክል ነው፤ የታመቀው ግፊት ሰው ይገድላል።

አንዳንድ ሰው «ለአሮጌ መኪና ይህን ያህል ድካም ምን ያደርጋል? አዲስ ይገዛ» ይል ይሆናል። ለማን እንደሚለው አላውቅም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ታግዷል፤ የኤሌክትሪኩን ለመግዛት አቅም የሌለው ነጂ ያለችውን መኪና ይዞ ገና ብዙ ዓመት ይኖራል። ሌላው ደግሞ «ወጪው ይበዛል» ይላል። አባቴ ራሱ ደምሮ እንደ ነገረኝ፣ የጥንዱና የሥራው ዋጋ ተደምሮ ለእናቴ ሕክምና ከከፈለው አንሷል፤ ሥራ የፈታባቸው ቀኖች ሳይቈጠሩ ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

እኔ ለጋዝ ጥብቅና የቆምኩ አይደለሁም። ለአንድ መኪና ደኅና የቀድሞ ዘንግ ቢገኝላት እርሱን በባለሙያ እጅ መመለስ ይሻላል፤ ቀዳዳ መብሳትም አያስፈልግም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው እጁን የሚሰድበት፣ ልጅ ራሱን የሚያስገባበት ነገር ሁሉ ተለክቶ ይሠራ። ተማሪ ቀመሩን በደብተሩ ዘግቶ እንዳያስቀምጥ፤ ባለሙያም የተማሪን ጥያቄ በሳቅ እንዳያባርር። ሁለቱ ተገናኝተው በአንድ ቀን የሠሩትን እኛ ሰባት ዓመት በዱላ ስንጠብቀው ኖረናል።

ዛሬ የአባቴ መኪና ክዳን በእጅ ተገፍቶ ከእኩሌታ በላይ ሲደርስ ቀስ ብሎ ራሱ ይነሣል፤ በተነሣበትም ይቆማል። ተሳፋሪዎች ሻንጣቸውን ያለ ሥጋት ያወጣሉ። እናቴ ግን እጇን ከመስደዷ በፊት ዛሬም ቀና ብላ ክዳኑን ታየዋለች። ጣቶቿም በብርድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አይታጠፉላትም። ይህን የሚመልስ ቀመር አላገኘሁም።

ወላጆችና ጓደኞቼ ሆይ! ይህን መጽሔት አጥፋችሁ ስትነሡ በየቤታችሁ ዙሩና እዩ። በድንጋይ የቆመ አልጋ፣ በገመድ የታሰረ በር፣ በዱላ የተደገፈ ክዳን አይጠፋም። መቼ እንደ ገባ ጠይቁ፤ «ለጊዜው ነው» ብለው ቢመልሱላችሁ ግን ሜትርና ሚዛን ይዛችሁ በዚያው ቀን ጀምሩ እላለሁ።

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ