መሬቱ ሳይመረመር ሪባኑ አይቆረጥ

ወታደር ከካምፕ ሲወጣ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። አጥሩ ይፈርሳል፣ ባለሥልጣኑ ሪባን ይቆርጣል፣ “ለሕዝብ አገልግሎት ተላለፈ” የሚል ዜና ይነበባል፣ ይጨበጨባል። እኛ ከማጨብጨባችን በፊት አንድ ጥያቄ አለችን። ከአስፋልቱ ሥር ምን ቀረ?

“እናንተ የይፋግ ልጆች፣ አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ የሌላችሁ፣ ምን ቤት ናችሁ?” የሚለን አይጠፋም። የምንኖረው ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በአንዱ ጫፍ የባሕር ዳር አየር ማረፊያ አለ፣ በሌላው ጫፍ የአዘዞ። አዘዞ በጣሊያን ወረራ ዘመን የጦር አውሮፕላን ሜዳ ነበራት፤ ዛሬ የአፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ መንገደኛ የሚቀበለው በዚያችው በአዘዞ ነው። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም ምሽት ሕወሓት ሮኬት የተኮሰውም ወደነዚሁ ሁለት ማረፊያዎች ነበር። በአገራችን የጦሩና የሲቪሉ ሜዳ ድንበር ቀጭን ነው።

አዲስ አበባም ያው ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም የመጀመሪያ በረራውን የጀመረው ከልደታ ነው። ቦሌ ሲከፈት ልደታ ለጦሩና ለትንንሽ አውሮፕላኖች ቀረ። ከተማዋም ዙሪያውን ከበበችው። ሰፈሩ ዛሬም “ኦልድ ኤርፖርት” ይባላል።

የሚቀረው ምንድን ነው?

የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ብቻ አይደለም። የነዳጅ ዴፖ ነው፣ ጋራዥ ነው፣ የጥይት መጋዘን ነው። የጄት ነዳጅ ከዛገ ቧንቧ እየተንጠባጠበ ይሰርጋል፤ ከውሃ ስለሚቀል ከርሰ ምድር ውሃው ላይ ተንሳፎ ዓመታት ይቀመጣል። የሞተር ቅባት ማጠቢያው ትራይክሎሮኢቲሊን ደግሞ ከውሃ ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘልቃል። በእሳት ማጥፊያው አረፋ ውስጥ ያሉት “ፒፋስ” የሚባሉት ኬሚካሎች በቀላሉ ስለማይፈርሱ “ዘላለማዊ” የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ሁሉም ተመልሰው ወደ ላይ የሚመጡት በባልዲና በፓምፕ ነው። በፎገራ ሜዳ ከጉድጓድ እየሳበ ሽንኩርት ለሚያጠጣ ገበሬ ይህን ማስረዳት አይከብድም።

ይህ ወሬ አይደለም። በኢስቶኒያ ታፓ በተባለች ከተማ አጠገብ የሶቪየት ጦር አየር ኃይል ሰፍሮ ነበር። የፈሰሰው ነዳጅ የከርሰ ምድር ውሃውን ስለበከለው ከጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ክብሪት ሲጫርበት ይነድ ነበር።

የፊሊፒንሱ ክላርክ የባሰ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1991 የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ጥለውት ሲወጡ፣ መንግሥት በሺህ የሚቆጠሩ የእሳተ ገሞራው ተፈናቃዮችን እዚያው አሰፈራቸው። ሰዎቹም የግቢውን ጉድጓድ ውሃ ጠጡ። በኋላ ውሃው መበከሉ ታወቀ፣ ሕመምና ሞት ተቆጠረ። አሜሪካ ምን አለች? በውሉ ላይ “አጽዳ” የሚል ግዴታ የለብኝም አለች። ክላርክ ዛሬ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። መልሶ መጠቀም ይቻላል ማለት ነው፤ ጥያቄው ማን ከፍሎበት ነው የሚለው ነው።

የኛም አገር ትምህርት አለው። ጦርነቱ አበቃ ከተባለ ከሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም፣ ነፋስ ስልክ የነበረው የጥይት መጋዘን ፈነዳ። ብዙ ሰው አለቀ። የ1977ቱን ረሃብ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው ጋዜጠኛ መሐመድ አሚን እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሞተ። ጦር ሄደ ማለት አደጋው ሄደ ማለት አይደለም።

ምስጢር ከማን?

አርባ ምንጭን እናንሳ። አሜሪካ ከአርባ ምንጭ አየር ማረፊያ ድሮን ታበር እንደነበር በ2004 ዓ.ም መጀመሪያ ያሰማን ዋሽንግተን ፖስት ነው። በ2008 ዓ.ም ሥራው መቆሙን የነገረን የአሜሪካ ኤምባሲ ነው። መምጣቱንም መሄዱንም ከባዕድ የሚሰማ ሕዝብ፣ ስለ አፈሩ ከማን ይጠይቅ?

“የአገር ደኅንነት ምስጢር ነው” ይሉናል። የጦር መሣሪያ ብዛት ምስጢር ይሁን፣ እንቀበላለን። የጉድጓድ ውሃ ምርመራ ግን ከማን ነው የሚደበቀው? ከጠላት ነው ከጠጪው?

“ደሃ ነን፣ ገንዘብ የለንም” የሚለውም መልስ አለው። ይህችው አገር በፋኦ አስተባባሪነትና በለጋሾች እርዳታ ከአንድ ሺህ ቶን በላይ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ከየመጋዘኑ ሰብስባ እንዲቃጠል እስከ ፊንላንድ ልካለች። ያኔም ደሃ ነበርን። ሲፈለግ ይቻላል።

ሕግም አልጠፋም። በ1995 ዓ.ም የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ብክለት ያደረሰ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ይላል። ማንም ሰው ጉዳዩ በቀጥታ ባይነካው እንኳ ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካጣ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይፈቅዳል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕ አካባቢ መብት ነው ብሏል። የጎደለው አንቀጽ ሳይሆን ጠያቂ ነው።

ስለዚህ የምንለው ቀላል ነው። የትኛውም የጦር ሜዳ ለሲቪል ከመተላለፉ በፊት አፈሩና ውሃው ይመርመር። ውጤቱ በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ተጽፎ በቀበሌ ሰሌዳ ይለጠፍ። ማጽጃው ከተጠቃሚው ኪስ ሳይሆን ከበካዩ በጀት ይውጣ። ከውጭ ጦር ጋር ውል የሚፈራረም ሁሉ “ስትወጣ አጽድተህ ውጣ” የሚል አንቀጽ ያስገባ። ከዚያ በኋላ ሪባኑ ይቆረጥ፣ እኛም እናጨበጭባለን። እስከዚያው ግን የመጀመሪያውን ብርጭቆ ውሃ፣ ከዚያው ግቢ ጉድጓድ ተቀድቶ፣ ሪባን ቆራጩ ይጠጣልን።