ዋጋውን የደበቀስ?

እናታችን ካረፈች ወዲህ ታናሽ ወንድሜ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረውም። ጠበሉንም ሞከርን። በኋላ ሰው ጠቁሞን አንድ የግል የሥነ ልቦና ምክር ክሊኒክ ወሰድኩት። ለሃምሳ ደቂቃ የወር ቤት ኪራያችንን ሩብ ከፈልን። እሺ፣ ባለሙያው ተምሮበታል፣ እሱም ቤት ይከራያል፤ በነጻ አዳምጠን አላልንም። ሐቁ ይነገር ከተባለ ልጁ ያን ሌሊት ተኝቷል።

ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ዝናብ ይዞን፣ ታክሲ ጠፍቶ ቀረን። «ከ24 ሰዓት በፊት ያላሰረዘ ሙሉውን ይከፍላል» ተባልን። የት ተጽፏል? ብል ልጅቷ ከመሳቢያ ወረቀት መዘዘች! «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይሉናል፤ ዋጋውንና ደንቡን የደበቀስ? ጎበዝ፣ ገና ስልክ ስንደውል ይነገረን እንጂ! አቅም ያነሰው የት እንደሚሄድም ይጠቆም።

የት ይሂድ? መንግሥት ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ እሠራበታለሁ ባለው ስትራቴጂ የአእምሮ ሕክምናን እስከ ጤና ጣቢያ አወርዳለሁ ብሎ ነበር። የኛ ሰፈር ጤና ጣቢያ ግን «አማኑኤል ሂዱ» አለን። አማኑኤልማ ሰው የሚጎርፍለት ከመላ አገሪቱ ነው፤ ለአንድ ሰው ሃምሳ ደቂቃ ከየት ያምጣ?

ወንድሜ አራተኛውን ቀጠሮ አሰርዟል። ከ24 ሰዓት በፊት።