የቤዛው ዕዳና የተመላሹ ቁስል

ከወልዲያ በሐራ አድርጎ ወደ ጭፍራና ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ፣ ከመርሳና ከሐብሩ ቀበሌዎች ሌሊት እየተነሡ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ ከጅቡቲው ኦቦክ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመሻገር የሚሹ ወጣቶችን ሲሸኝ መኖሩ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ስለሚሄዱት ብዙ ተብሏል፤ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በየመን አብያን ጠረፍ ጀልባ ሰጥሞ ብዙ ኢትዮጵያውያን ባለቁ ጊዜም አገሩ አልቅሷል። በሕይወት ስለተመለሱት ግን የምንናገረው ጥቂት ነው።

ደላላው፣ ብዙ ጊዜም የሠፈር ሰው ወይም የሥጋ ዘመድ የሆነው፣ «ደርሰህ ትከፍላለህ» ብሎ ልጁን ያለ አንዳች ገንዘብ ያስነሣዋል፤ ልጁም ባሕሩን በተሻገረ ማግስት በአጋቾች እጅ ወድቆ ሲደበደብ ጩኸቱ በስልክ ከእናቱ ጆሮ ይደርሳል፤ ለቤዛውም በሬው ይሸጣል፣ መሬቱ ለዓመታት በኮንትራት ይሰጣል፣ የጎደለው በአራጣ ይሞላል። ሂውማን ራይትስ ዎች በየመን ስላሉት የማሠቃያ ሥፍራዎች በ2006 ዓ.ም. በዝርዝር ጽፏል፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደገደሉ ገለጠ፤ የሳዑዲ መንግሥት ግን ነገሩን ክዷል።

ከዚህ ፄዋዌ ያመለጠ ልጅ እንቅልፍ አጥቶ፣ ከሰው ሸሽቶ፣ በትንሽ ነገር እየደነገጠ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ጎረቤት የሚጠይቀው ምን ይዞ እንደመጣ ነው፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር የምትርበደበደውን እናቱንማ ቁስለኛ ብሎ የሚቆጥራት የለም። የነፍስ ቁስል በሐኪም ምክር፣ በጸበልና በዱዓ ይታከማል፤ እኛም አንዱን ከሌላው አናጣላም፤ ካህኑና ሼኩ በሽተኛውን ወደ ሐኪም ቤት ቢልኩ፣ ሐኪሙም እምነቱን ባይንቅበት እንወዳለን። ነገር ግን አራጣ አበዳሪ ደጁን በሚመታበት ቤት ውስጥ ማን ይድናል? ስለዚህ የቤዛው ዕዳ የሕመሙ አንድ ክፍል ሆኖ ይታይ ዘንድ፣ የወረዳው አስተዳደር፣ የቁጠባና ብድር ማኅበራትና ዕድሮች መክረው የሚያቃልሉበትን መንገድ ይፈልጉ ዘንድ ይገባል፤ ለተመላሹ ጥቂት ቀን ሥልጠና ሰጥቶ በዕዳው ላይ አዲስ ብድር መጨመር፣ መልካም አሳብ ቢሆንም፣ መድኃኒት አይባልም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ሽምግልናው ነው። በወሎ ምድር ደም ሲያደርቁ የኖሩ የተከበሩ አባቶች ለደላላው አማላጅ ሆነው ወደ ተበዳዩ ቤት ይላካሉ፤ እርሱም ከወሰደው ጥቂቱን ይመልሳል፣ ምስክሩ ከቤቱ ይቀራል፣ መዝገቡም ይዘጋል። ዮሴፍን ለባርነት የዳረጉት ወንድሞቹ እንደነበሩ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያውቃል፤ ይቅር ያላቸው ግን የተሸጠው ዮሴፍ ራሱ ነበር እንጂ፣ በእርሱ ፈንታ የተቀመጠ ሽማግሌ አልነበረም። ባርነትን የሻረው አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ከወጣ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አዋጅ ቁጥር 1178/2012ም በሰው የሚነግድን በጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ይሁንና ምስክር ያልቆመለት ሕግ ማንንም አይቀጣም።

ስለዚህ የወልዲያ፣ የመርሳና የሐብሩ ሽማግሌዎች በሰው ለነገደ ሰው አማላጅ ሆነው ከመሄድ እንዲታቀቡ፣ የወሰደውንም ገንዘብ ማስመለሱን ለፍርድ ቤት እንዲተዉ፣ ይህ ጋዜጣ በአክብሮት ይለምናቸዋል።