“አትፈላሰፍ!” የሚባለው ለማን ነው?

በአማርኛ ፍልስፍና ስድብ ነው። ልጅ ደጋግሞ “ለምን?” ሲል “አትፈላሰፍብኝ!” ይባላል። ወጣት በስብሰባ መሃል እጁን አውጥቶ ማስረጃ ሲጠይቅ “ደግሞ ፈላስፋ ሆንክልን?” ተብሎ ይሳቅበታል። ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ግን ይኸው ቀልድ በትምህርት ሥርዓቱ ውስጥ ደንብ ሆኖ ተቀምጧል፤ ማን እንዲጠይቅ፣ ማን ደግሞ እንዲታዘዝ እንደሚሰለጥን ይወስናል።

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ሰፈር ያደጉ ሁለት ጓደኛሞችን አስቡ። አንዱ የ12ኛ ክፍል ውጤቱ በቅቶት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሌላው አልበቃውም፤ በከተማዋ ካሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በአንዱ የኤሌክትሪክ ሥራ ይማራል። ዩኒቨርሲቲ የገባው በመጀመሪያው ዓመት፣ ዶክተርም ሊሆን ይሁን መሐንዲስ፣ የሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ኮርስ ይወስዳል። ኮርሱ የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ አብሮ የመጣ የጋራ ትምህርት ነው። ፍልስፍና ምን እንደሆነ ብሎ ይጀምራል፤ ሙግት ከመነሻ ሐሳብና ከድምዳሜ እንዴት እንደሚሠራ፣ የቱ እንደሚያስኬድና የቱ ህጸጽ እንደሆነ ያስተምራል።

ኮሌጅ የገባው ጓደኛው ግን ይህ አይደርሰውም። የእሱ ስልጠና በሙያ ደረጃ ተሸንሽኖ፣ በሲኦሲ ምዘና ይቋጫል። ገመድ መዘርጋት፣ ቆጣሪ ማገናኘት፣ ካይዘን፣ የሥራ ዲሲፕሊን። ሁሉም ያስፈልጉታል። “ይህ አባባል እውነት ነው ወይ? በምን ይታወቃል?” የሚለውን ጥያቄ ግን ማንም በትምህርት መልክ አይሰጠውም።

ይህ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። የተወሰኑት በሪሚዲያል በኩል ዩኒቨርሲቲ ደርሰዋል፤ ይሁን። የቀሩት ግን የትም አልሄዱም፤ እዚሁ ናቸው። ይመርጣሉ፣ ይሠራሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ስልካቸው ላይ የመጣውን ወሬ አምነው ይቆጣሉ ወይም ይፈራሉ። የማመዛዘን ትምህርት በፈተና ነጥብ የሚታደል ከሆነ፣ አገሪቱ አብዛኛውን ወጣቷን “አንተ ሥራ፤ ማሰቡን ለሌላ ተው” ብላዋለች ማለት ነው።

“ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፍልስፍና ምን ይጠቅመዋል? እንጀራ ይሆነዋል ወይ?” የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። መብራት የጠፋበት ቤት የተጠራ ሠራተኛ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ያገኘውን ሁሉ እየፈታ ይቀያይራል፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። ሌላው “ችግሩ ከዋናው መስመር ቢሆን ኖሮ ጎረቤትም በጠፋበት ነበር፤ ጎረቤት አለ፤ ስለዚህ ችግሩ ከዚህ ወዲህ ነው” ብሎ ይነሳል። የሁለተኛው አካሄድ ሎጂክ ነው፤ ስሙን አለማወቁ ብቻ ነው። ያው ሰው ማታ ደላላ መጥቶ “እገሌ በደቡብ አፍሪካ መንገድ ሄዶ በዓመቱ ቤት ሠራ፤ አንተም ትሠራለህ” ሲለው፣ አንድ ሰው ስለተሳካለት ሁሉም ይሳካለታል ማለት እንዳልሆነ፣ መንገድ የቀሩት ደግሞ መጥተው መናገር እንደማይችሉ መቁጠር ይኖርበታል። ያ ስሌት የእንጀራም የሕይወትም ጉዳይ ነው።

ሐዋሳ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተማ ናት። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ተመርቆ ብዙ ሺህ ወጣቶችን፣ በተለይ ሴቶችን፣ ቀጠረ። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ ዳፋው ለእነዚህ ወጣቶች ደረሰ። በዚያ ሰሞን በየሚዲያው የጦፈው ክርክር ግን “ማን ከዳ? የተናገረው ሰው የማን ነው?” የሚል ነበር። የሰውየውን ነገር ትቶ ሰውየውን መምታት በኮርሱ ውስጥ ስም ያለው ህጸጽ ነው። ሥራዋን ላጣችው ልጅ ግን ያንን ስም ያስተማራት የለም።

እውነቱን ለመናገር ዩኒቨርሲቲ ያለውም ኮርስ ቢሆን ከነበሽታው ነው። የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው የህጸጾቹን የላቲን ስም ሸምድዶ በምርጫ ጥያቄ ይፈተናል፤ አድ ሆሚነምን በትክክል አክብቦ ሲወጣ፣ ያው ማታ ፌስቡክ ላይ “የእነ እገሌ ዘር ነውና አትስሙት” የሚል ጽሑፍ ያጋራል። ኮርሱን አልፏል፤ ትምህርቱ ግን አላለፈበትም።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ዘርአ ያዕቆብ በ1667 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው የሚነገረው “ሐተታ” ስሙ ራሱ ምርመራ ማለት ነው። በመጽሐፉ መሠረት ሰውየው ከስደትና ከዋሻ ኑሮ በኋላ እንፍራንዝ ላይ በጽሕፈትና በማስተማር እየኖረ ነው የመረመረው፤ ባለሙያ ነበር ማለት ነው። ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. “የጻፈው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው” አለ፤ አዲስ አበባ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ያስተማረው ክላውድ ሰምነር በበኩሉ ኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ተሟገተ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ከዚህ የተሻለ የሎጂክ ልምምድ ከየት ይመጣል? ሁለቱም ወገኖች ምን ማስረጃ አቀረቡ? ደግሞስ ጸሐፊው ማንም ይሁን፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሙግት በዚያ ብቻ ይወድቃል ወይ?

ሐዋሳ ላለ መምህር ደግሞ ከዚህም የቀረበ ነገር አለ። በሲዳማ ሶንጎ ላይ ሽማግሌዎች ነገር ሲያነሱ “አፊኒ?” ብለው ይጠይቃሉ፤ “ሰማችሁ ወይ?” ማለት ነው። ሳይሰማ አይፈረድም። የሚፈለገውም ሃላሌ፣ እውነት ነው። ማንም የሲዳማ ልጅ ይህንን በልጅነቱ ሲሰማ አድጓል። ሥርዓቱ የራሱ ጉድለት ይኖርበት ይሆናል፤ ማን ይናገራል፣ ማን ዝም ይላል የሚለው ሊጠየቅ ይገባል። ያንን መጠየቅም ራሱ ትምህርቱ ነው።

“መምህር የለም፣ በጀት የለም፣ ስልጠናው ተጨናንቋል” ይባል ይሆናል። የሚጠየቀው የፍልስፍና ትምህርት ክፍል ይከፈት አይደለም። ለእያንዳንዱ የቴክኒክና ሙያ ሰልጣኝ አንድ ወሰነ ትምህርት፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ፣ ያለ ላቲን። ፈተናው ደግሞ ምርጫ አይሁን፤ አንድ ማስታወቂያ፣ አንድ የሥራ ውል፣ አንድ የባለሥልጣን ንግግር ይሰጣቸውና “ምን አለ? በምን አስደገፈው? ያስኬዳል ወይ?” ተብለው ይጠየቁ።

ይህ ለባለሥልጣን ላይመች ይችላል። ሲዋሽ የሚያውቅበት ኤሌክትሪሻን፣ ውሉን አንብባ “ይሄ ከዚህ ጋር አይሄድም” የምትል የፋብሪካ ሠራተኛ፣ “ዘሩን ተወውና ነገሩን ንገረኝ” የሚል ባጃጅ ነጂ ለሚያስተዳድር ሰው ያስቸግራሉ። ምናልባት ኮርሱ ኮሌጅ ያልደረሰው በበጀት እጥረት ብቻ ላይሆን ይችላል።

ከዛሬ ጀምሮ “አትፈላሰፍ!” የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ “ለምን?”