መጋዘን ይከራያል፤ አደራ ግን አይከራይም

በኢንተርኔት የሚነግዱ ወገኖቻችን ሥራቸው ደርጀት ማለት ሲጀምር አንድ ምክር ይቀርብላቸዋል። «ዕቃህን ለመጋዘን ድርጅት አስረክብ፤ እርሱ ያስቀምጥልህ፣ ትእዛዝ ሲመጣ ያሽግልህ፣ ለደንበኛው ያድርስልህ፤ አንተ ሽያጩን ብቻ አስብ» ይሏቸዋል። ምክሩ ለጆሮ ይጥማል። እንደተነገረ ከተፈጸመ ግን ነጋዴውን ከባለቤትነት ወደ ተመልካችነት የሚያወርድ ነው እላለሁ።

ለመካሪዎቹ የሚገባቸውን ልስጥ። ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ በአንዲት ክፍል በርበሬና ነጠላ ደርድሮ የሚሸጥ ሰው በቀን አምስት ትእዛዝ ቢመጣለት ራሱ ይወጣዋል፤ ሃምሳ ሲሆን ግን አቅም ያጥረዋል። ማሸጉ ጉልበት፣ ከቦዳቦዳ ነጂ ጋር መከራከሩ ጊዜ ይፈጃል። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 የሌሎችን ነጋዴዎች ዕቃ አስቀምጦ የመላክ አገልግሎት ሲጀምር የሸጠው ይህንኑ እፎይታ ነበር። ጉልበት መከራየት ነውር የለበትም።

ነውሩ ከጉልበቱ ጋር ዐይንንም አብሮ ማስረከብ ነው። የመጋዘን ድርጅት ለያዘው ቦታ ኪራይ፣ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የማሸጊያና የመላኪያ ዋጋ፣ ለተመለሰ ዕቃ ደግሞ ሌላ ክፍያ ይጠይቃል። ሳይሸጥ የከረመ ዕቃ ትርፉን በየወሩ ይበላል። መደርደሪያውን በዐይኑ የሚያይ ነጋዴ ይህን ቀድሞ ያውቃል፤ የክፍያ ሰነድ ብቻ የሚደርሰው ከከሰረ በኋላ ይሰማል። የተመለሰችውን ነጠላ በእጁ ዘርግቶ ያየ፣ ጥለቷ መደብዘዙን ተመልክቶ ሸማኔውን ይጠይቃል፤ «ተመላሽ፦ 1» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ግን ምን ይማራል? «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» እንላለን፤ እዚህ ግን ምንም የማያውቀው ባለቤቱ ራሱ ሆኗል።

የባሰው የሚመጣው ድርጅቱ ሲወድቅ ነው። በናይሮቢ ይህንኑ አገልግሎት ይሰጥ የነበረው ሴንዲ እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራውን አቁሞ በአስተዳዳሪ እጅ ገባ። በወኪሎች አማካይነት ለገጠር ደንበኞች ሸቀጥ ያደርስ የነበረው ኮፒያም በ2024 ያው ዕጣ ደረሰው። ሁለቱም ብዙ የውጭ ገንዘብ የፈሰሰባቸው ነበሩ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ፣ ዕቃው በስሙ ተለይቶ ያልተመዘገበለት ነጋዴ «የእኔ ነው» የሚልበት ማስረጃ ያጣል። ደንበኛው ዕቃውን ሲረከብ የከፈለው ገንዘብ ከድርጅቱ ሒሳብ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ፣ ነጋዴው እንደማንኛውም ገንዘብ ጠያቂ ሰልፍ ይይዛል።

«ውል አለን» የሚሉኝ አሉ። ውሉን ማን አረቀቀው? ዕቃ ሲጠፋ ኀላፊነቱ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ የሚደነግገውን አንቀጽስ ከመፈረማቸው በፊት ስንቶቹ አነበቡት? ባገራችን በንብረት ክፍል ሠራተኛ ዝግተኝነት ብዙ ተሳልቀናል፤ ነገር ግን ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 የሚፈረምበት ምክንያት ነበረው። ማን፣ መቼ፣ ስንት እንደተረከበ በወረቀት ይታወቃል።

እንግዲህ መጋዘን የሚከራይ ሁሉ ይህን ይጠይቅ፦ ዕቃው ተቆጥሮ በስሙ ይመዝገብ፤ በፈለገው የሥራ ቀን ገብቶ ይቁጠር፤ የሽያጩ ገንዘብ በቀጥታ ወደ ራሱ ኤምፔሳ ይግባ፤ ተመላሹ ዕቃ በእርሱ እጅ ይታይ። ከዕቃውም ጥቂቱን ለክፉ ቀን ቤቱ ያስቀር። አንድ ሻጭ ብቻውን ይህን ቢጠይቅ «ካልተስማማህ ሌላ ፈልግ» ይባል ይሆናል። አብረው ዕቁብ የሚጥሉ ሃያ ሻጮች በአንድ ቃል ቢጠይቁ ግን የሃያ ነጋዴ ኪራይ በቀላሉ የሚሸኝ መጋዘን የለም። ለሠርግና ለሐዘን መሰባሰብን የምናውቅ ሰዎች፣ እንጀራችን ለተቀመጠበት መጋዘን ለመሰባሰብ ምን አሰነፈን?