ድሪቶ ብለን የናቅነው ብርድ ልብስ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምንጽፈው ስለ መርፌና ክር፣ ስለ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። ጉዳዩ ትንሽ የመሰለው ካለ የደሴን የኅዳር ሌሊት በአንዲት ነጠላ አድሮ ይሞክረው።

ከተማችን ከጦሳ ግርጌ፣ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የብርድ አገር ናት። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከቆቦ፣ ከወልድያና ከአካባቢው የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ትምህርት ቤቶቻችንን ሞልተው ሲሚንቶ ላይ ሲያድሩ አይተናል። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ደግሞ ብዙዎቻችን ራሳችን ተፈናቃይ ሆንን። በሰው በረንዳ አደርን። ነጋዴውም ተማሪውም ደመወዝተኛውም አንድ ሆነ፤ ሌሊት ላይ ልዩነቱ የሚደርበው ያለውና የሌለው ብቻ ነበር። ታዲያ እንዴት ቶሎ ረሳነው?

ያኔ ልብስ ሰብስበን ወደ አንድ መጠለያ የሄድንበት ቀን አይረሳንም። ጆንያው ሲፈታ ምን ወጣ? ተረከዘ ረጅም ጫማ፣ ዚፑ የተበጠሰ ሱሪ፣ ብብቱ የተቀደደ ሸሚዝ። አንዲት እናት ጆንያውን እስከ ታች ፈትሸው “የሚደረብ የለውም ወይ ልጆቼ?” አሉን። አልነበረውም። ፎቶ ግን ተነስተን ነበር። ማታውኑ ተለጠፈ፣ “ማሻአላህ” ተባለልን።

እውነቱን እንነጋገር። ያ ሶደቃ ነበር ወይስ ቁም ሣጥን ማጽዳት? አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 267 እኛ ራሳችን ቢሰጠን ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ የማንቀበለውን መናኛ ነገር ለምጽዋት እንዳንመርጥ አስጠንቅቆናል። ከዚያ በፊት ባለው አንቀጽ 264 ደግሞ ሶደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ ተነግሮናል። እኛ ግን መናኛውን ሰጥተን፣ የተቀባዩን ፊት ደግሞ ለሕዝብ አሳየን።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው፦ ለብርድ የምንሰጠውን እንስፋው። በየሰፈራችን፣ በየቅሬያችን ተቀምጠን፣ በገዛ እጃችን።

ሥራው ከባድ አይደለም። ብርድ ልብሱ ሦስት ንብርብር ነው። ላዩ ተገጣጥሞ የተሰፋ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ መሐሉ ሙቀት የሚይዝ ጥጥ ወይም ያረጀ ብርድ ልብስ፣ ታቹ አንድ ወጥ ገበር። ሦስቱ ከዳር እስከ ዳር በመርፌ ይወጋሉ፤ ካልተወጉ መሐሉ ያለው ጥጥ ተንሸራቶ አንድ ጥግ ይከማቻል፣ ሌላው ጎን ባዶ ይቀራል። ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ይሁን። በየጎኑ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ብንጠቀም 48 ቁራጭ ይበቃናል። ስምንት ሰው ቢቀመጥ ለአንድ ሰው ስድስት ቁራጭ ይደርሰዋል። ስድስት ቁራጭ! አንድ ጨዋታ አይተን እስክንነሳ ስንት ይሰፋ ነበር?

ጨርቁስ ከየት ይመጣል? ኮምቦልቻ ከአጠገባችን ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እዚያ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያ ነው። ልብስ የሚሰፋበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ቁርጥራጭ ይተርፋል። በየገበያው ያሉ ልብስ ሰፊዎቻችን እግር ሥር የሚጠረገውን ተመልከቱ። ሄደን እንጠይቅ፤ ቢበዛ “የለም” ነው የሚሉን።

ይህን ስንል የሚመጡት ሰበቦች ይታወቃሉ።

አንደኛው፦ “ገንዘብ አዋጥተን ከሱቅ ብንገዛ አይቀልም?” ይቀላል። ሰው ድንገት ተፈናቅሎ በመጣበት ሌሊት መርፌ ይዞ መቀመጥ ሞኝነት ነው፤ ያን ቀን መግዛት ግዴታ ነው። ግን ብርዱ በየዓመቱ ይመጣል። እኛ ደግሞ በየዓመቱ እንደ አዲስ እንደነግጣለን። ገዝቶ መስጠት ሰጪና ተቀባይን አገናኝቶ ወዲያው ይለያያል። አብሮ መስፋት ግን ጎረቤታችን ማን እንደሆነ፣ የማን ቤት ብርድ እንደሚገባው ያሳውቀናል። ከሁሉ በላይ ተፈናቃዩዋ እህታችን እጇን ዘርግታ የምትጠብቅ መሆኗ ቀርቶ ከመሐላችን ተቀምጣ የምታስተምረን ባለሙያ ትሆናለች። ስንቷ ከኛ የተሻለ ትሰፋለች!

ወሎ ለዚህ እንግዳ አይደለም። ቅሬ አለን። በብዙ ቦታ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ሰው ሲሞት ለከፈኑ ጨርቅ ለማሰናዳት ቅሬያችን አንድ ቀን አይፈጅበትም። በሕይወት ላለው ጎረቤት የሚደርበውን ለማሰናዳት ግን ዓመቱ አልበቃንም። ለሬሳ የፈጠንን ሰዎች ለሕያው ለምን እንዘገያለን?

ሁለተኛው ሰበብ፦ “መርፌ የሴት ነው።” ይህን የሚለው ወንድማችን ሱሪውን ለማሳጠር የት ነው የሚወስደው? በየገበያው በረንዳ በሲንጀር መኪና ተቀምጠው የሚሰፉት አብዛኞቹ ወንዶች አይደሉም ወይ? ገንዘብ ሲያመጣ የወንድ፣ ሶደቃ ሲሆን የሴት የሚሆን መርፌ የት አለ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ልብሳቸውን ይሰፉ፣ ጫማቸውን ይጠግኑ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግራናለች። እናታችን ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) ደግሞ በእጇ እየሠራች የምትመጸውት ነበረች። ከእነሱ በላይ ክብር ያለው ማን ነው?

ሦስተኛው ሰበብ ከሁሉም የከበደው ነው፦ “ለድሃ ድሪቶ መስጠት ስድብ ነው።” ይህን ለሚሉን ግማሹን እናምንላቸዋለን። ያልታጠበ፣ የተንጠለጠለ፣ በጥድፊያ የተሰፋ ነገር ከሰጠን በእርግጥ ስድብ ነው፤ ከዚያ ጆንያም አይሻልም። መለኪያው አንድ ነው፦ የራሳችን አልጋ ላይ የማናነጥፈው ከእጃችን አይወጣም። ጨርቁ ይታጠብ፣ ፀሐይ ይምታው፣ ቀለሙ ይመረጥ፣ ስፌቱ ይጠብቅ።

ግን ጨርቅ መደረቡንና መጣፉን ራሱን ውርደት ያደረገው ማን ነው? የምንኮራበት ጋቢ አራት ድርብ አይደለም እንዴ? እናቶቻችን ተሰባስበው በእንዝርት የፈተሉት፣ ሸማኔው የሠራው ነው። በቤንጋል ሴቶች፣ ሙስሊሞቹም ሂንዱዎቹም፣ ያረጀ ሳሪ ደራርበው ካንታ የሚባል ድርብ ይሰፋሉ፤ ዛሬ ካንታ በሙዚየም የሚታይ ጥበብ ነው። እነሱ ጥበብ ያሉትን እኛ ድሪቶ አልነው። ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ቀጥቃጩን ሲንቅ የኖረ አገር ልጆች ነንና ሥራ ማፈር ቀላል ሆነልን።

ወጣቶች ሆይ! ሙሓደራ ላይ ስለ ኡማ አንድነት ስንሰማ ዓይናችን ያነባል። አንድነት ግን ስምንት ሰው በአንድ ጨርቅ ዙሪያ ሲቀመጥም ይታያል። ከዚህ ጁሙዓ በኋላ በየሰፈራችሁ ስምንት ሁኑ። እህቶች ከእህቶች፣ ወንድሞች ከወንድሞች ተቀመጡ። መስፋት የሚችል አንድ ሰው አይጠፋም፤ እሱ ያስተምር። ብርድ ልብሱ ሲያልቅ ስማችሁን አትጻፉበት፣ ተቀባዩንም ፎቶ አታንሱ። ማን እንደሰፋው አላህ ያውቃል። በዚያ ሌሊት የሚሞቀው ሕፃን ማወቅ የለበትም።

ኅዳር ሲመጣ ጦሳ እንደ ልማዱ ብርዱን ይልክብናል። ያቺ እናት ዳግም “የሚደረብ የለውም ወይ?” ብለው ቢጠይቁን የምንመልሰው ይኑረን።

አላህ ሥራችንን በኢኽላስ የተሠራ ያድርግልን። አሚን!