የተቈረጠው የትኛው ነው?

ቀድሞ ያነበብኸውን ታሪክ በፊልም ስታየው «መልኩ አምሯል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ጐድሎታል» ብለህ ታውቃለህን? የዛሬው ወጋችን ስለዚሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 በጃፓን አገር ታይፕ ሙን የተባለ ቡድን «ፌት ስቴይ ናይት» የሚባል፣ በኮምፒዩተር የሚነበብ ባለሥዕል ልብ ወለድ አወጣ። ደራሲው ኪኖኮ ናሱ ነው። አንባቢው ጽሑፉን እያነበበ ከመንታ መንገድ ሲደርስ ራሱ ይመርጣል፤ ታሪኩም በምርጫው ይለወጣል። ሦስት ጐዳናዎች ሲኖሩት፣ ሦስተኛውን «ሄቨንስ ፊል» የተባለውን ዩፎቴብል የተሰኘው ስቱዲዮ በ2017፣ በ2019 እና በ2020 በሦስት የአኒሜ ፊልሞች ሠራው።

የፊልሙ ውበት የሚያከራክር አይደለም። የሰይፉ ብልጭታና የሌሊቱ ጨለማ ዓይንን ይይዛሉ። ነገር ግን ብዙ ሌሊት የሚፈጀው ንባብ በስድስት ሰዓት ያህል ሊያልቅ ስለ ነበረበት፣ የታሪኩ መነሻ በመጀመሪያው ፊልም መግቢያ ላይ እንደ ጥላ ያልፋል።

አንዳንዶች «ተቈረጠ» ሲሉ የሚያስቡት ሌላ ነገር ነው። የ2004ቱ እትም ለአዋቂዎች ብቻ የተሸጠ ሲሆን፣ በ2007 ለፕሌይስቴሽን 2 ሲዘጋጅ ያ ክፍል ወጥቷል። በእኔ አስተያየት ግን ትልቁ ጕድለት ይህ አይደለም።

ሺሮ የተባለው ወጣት ከልጅነቱ ጀምሮ ሰውን ሁሉ የሚያድን የፍትሕ ጀግና ለመሆን ይመኛል። ኋላ ግን በየማለዳው ከቤቱ እየመጣች ምግብ የምታበስልለት ሳኩራ ለብዙ ሰዎች ሕይወት አስጊ መሆኗን ይረዳል። በፊልሙ ውስጥ በዝናብ መካከል ሄዶ ያቅፋታል፤ አንተም አዝነህ ታያለህ። በንባቡ ላይ ግን ጽሑፉ ቆሞ አንተን ይጠይቅሃል፦ እርሷን ወይስ ዓላማህን? ዓላማውን ብትመርጥ ታሪኩ ብዙም ሳይሄድ በመራራ ፍጻሜ ይዘጋል። ያን ፍጻሜ ያመጣው የአንተ እጅ ነውና፣ በደራሲው ልታላክክ አትችልም።

እንግዲህ ከፊልሙ የተቈረጠው ይህ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ደግሞ ከጃፓን የራቀ አይደለም። ነገ በጽሕፈት ቤትህ «ለብዙኃኑ ጥቅም» የሚል ፋይል ከፊትህ ተዘርግቶ፣ አንድ ባለጉዳይ በር ላይ ቆሞ ሊጠብቅህ ይችላል። ያን ጊዜ ብዕሩን የምትይዘው አንተ ነህ።

ስለዚህ ፊልሙን እየው፤ ደስ ይልሃል። ንባቡንም አትተወው። ከዝናቡ ስትደርስ ግን፣ ሳትመርጥ በፊት ጥቂት ቈይ።